የሰመጠ መርከብ ሀብት የማን ነው? አቶቻ እና መርሴዲስ

ሁለቱም የስፔን መርከቦች ናቸው። ሁለቱም ብር ጭነው ከአሜሪካ አህጉር ወደ አገራቸው ሲመለሱ ሰመጡ። የሁለቱም ክርክር ያለቀው አሜሪካ ፍርድ ቤት ነው። ውጤቱ ግን የሰማይና የምድር ያህል ተራራቀ። (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።)

አቶቻ በ1622 ፍሎሪዳ አጠገብ በማዕበል ሰመጠች። ሜል ፊሸር የተባለ አሜሪካዊ የሰመጠ ሀብት ፈላጊ 16 ዓመት ፈለጋት። በ1975 ልጁና ምራቱ በፍለጋ ላይ ሳሉ ጀልባቸው ተገልብጣ ሞቱ። ሰውዬው ወይ ፍንክች! የፍሎሪዳ ግዛት ድርሻዬን ቢለውም፣ በ1982 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ወደ ፊሸር አደላ። በ1985 ዋናውን ሀብት አገኘ። ሕጉ ባለቤቱ የተወውን ንብረት ላገኘው ይሰጣል፤ ስፔንም ያኔ ዝም ብላለች።

መርሴዲስ ግን የጦር መርከብ ናት። በ1804 ከእንግሊዞች ጋር ስትዋጋ ፈንድታ ሰመጠች። ኦዲሲ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ በ2007 ወደ 594 ሺህ ሳንቲም፣ 17 ቶን ገደማ፣ አውጥቶ በአውሮፕላን ፍሎሪዳ አስገባ። ስፔን በዚህኛው ዝም አላለችም። የመንግሥት የጦር መርከብ ዘመን ቢቆጠርም ያው የመንግሥት ነው ተባለ፤ በ2012 ሳንቲሙ ሁሉ ስፔን ገባ። ፔሩም «ብሩ ከምድሬ የወጣ ነው» ብላ ነበር፤ ሰሚ አጣች። ለእኔ ግን ከሁሉም የሚያሳምነው የእሷ ነው።

እንደ ፊሸር ልሞክር ለሚል፣ ዘመኑ ጠቧል። የ1987ቱ የአሜሪካ ሕግ በግዛቶች ውኃ ውስጥ የተቀበሩ፣ የተተዉ መርከቦችን ለግዛቶቹ ሰጥቷል። የ2001ዱ የዩኔስኮ ስምምነት ደግሞ ከ100 ዓመት በላይ ውኃ ውስጥ የቆየን ቅርስ መነገጃ ማድረግን ይከለክላል፤ አሜሪካ ግን አባል አይደለችም።