«የቆመ ቢራ ማስነሻ» ከመግዛታችሁ በፊት ይህቺን አንብቡ

ቤታችሁ ቢራ የምትጠምቁ ሁሉ፣ ይሄ ለእናንተ ነው። በተለይ ጥንስሱ መፍላት አቁሞ፣ መለኪያው ግን «ገና ብዙ ስኳር አለ» እያለ እንቅልፍ ለነሳችሁ። ለዚያች የጭንቀት ሰዓት ተብሎ የተዘጋጀ እቃ አለ። እኔ ገዝቼዋለሁ። እናንተ አትግዙት።

ነገሩ የጀመረው በሪፍራክቶሜትር፣ ማለትም የጥንስስን ስኳር በጠብታ ለመለካት በሚሸጥ መሳሪያ ነው። ኢንተርኔት ላይ ካገኘሁት ሻጭ ነው የወሰድኩት። ማስታወቂያው «ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ በሁለት ጠብታ» ይላል። እውነት ለመናገር ደስ የሚል እቃ ነው። በሃይድሮሜትር፣ ማለትም ፈሳሹ ላይ በሚንሳፈፈው መለኪያ፣ ለመለካት ብርጭቆ የሚሞላ ቢራ ይባክናል። በዚህ ግን ጠብታውን መስታወቱ ላይ ጣል አድርጎ ወደ ብርሃን ማየት ነው።

ስጀምር 12.4 ብሪክስ (የስኳር መቶኛ) አነበብኩ። በግራቪቲ፣ ማለትም ፈሳሹ ከውሃ ጋር ሲነጻጸር ባለው ክብደት (ውሃ 1.000 ነው)፣ 1.050 ገደማ መሆኑ ነው። ከአስር ቀን በኋላ 6.5 ሆነ። ሶስት ቀን ጠበቅኩ፣ አሁንም 6.5። አብሮ የመጣው ሰንጠረዥ ይህን 1.026 ይለዋል። እርሾው ደግሞ ከስኳሩ 75 በመቶ ያህሉን ይበላል የተባለለት ነው፤ ስለዚህ የምጠብቀው 1.012 ወይም 1.013 ነበር።

ለሻጩ ጻፍኩለት። ሳይውል ሳያድር መለሰ፦ «ጥንስስህ ቆሟል፣ ማስነሻ አለን።» ማስነሻ የሚለው ሶስት ከረጢት ነው። አንዱ ደረቅ እርሾ፣ አንዱ የእርሾ ምግብ፣ ሶስተኛው ደግሞ ምንም ስም ያልተጻፈበት ነጭ ዱቄት። ገዛሁ። ጨመርኩ።

ሸወዳው የቱ ጋ እንደሆነ ልንገራችሁ። ሪፍራክቶሜትር ስኳርን አይቆጥርም። የሚለካው ብርሃን ፈሳሹ ውስጥ ሲያልፍ ምን ያህል እንደሚታጠፍ ነው። ያልፈላ የብቅል ውሃ ላይ ብርሃኑን በዋናነት የሚያጥፈው ስኳር ስለሆነ ቁጥሩ ይታመናል። ከፈላ በኋላ ግን አልኮል አለ። አልኮልም ብርሃኑን ከውሃ ይበልጥ ያጥፈዋል። መሳሪያው ያንንም ስኳር ነው ብሎ ይደምረዋል። ስለዚህ የመጨረሻውን ንባብ ከመጀመሪያው ጋር አድርጎ በማስተካከያ ቀመር ማስላት ግድ ነው። ማስያው በነጻ ይገኛል። የእኔን 12.4 እና 6.5 ሳስገባ 1.013 ገደማ አወጣልኝ።

ቢራዬ አልቆመም ነበር። ጨርሶ ነበር!

ሻጩ ይህን አያውቅም ብዬ ማመን በወደድኩ። ግን መለኪያውን የሸጠልኝ እሱ ነው። «በምን ለካኸው?» ብሎ መጠየቅ አይከብደውም ነበር። አልጠየቀም። በተሳሳተው ቁጥር ላይ ሌላ እቃ ጨምሮ ሸጠልኝ።

አሁን ወደ ነጩ ዱቄት። ስወተውተው ጊዜ «ኢንዛይም ነው» አለኝ። እንዲህ ላለው ስራ የሚሸጠው ብዙውን ጊዜ ግሉኮአሚሌዝ ነው። እርሾ የማይበላቸውን ረጃጅም የስኳር ሰንሰለቶች ቆራርጦ ወደ ግሉኮስ ይለውጣቸዋል። እርሾው ግሉኮስ ሲያገኝ ዝም አይልም። ቢራውን ወፍራም የሚያደርገው ነገር ሁሉ ቀስ በቀስ ይጠፋል፤ ግራቪቲው እስከ 1.000፣ አንዳንዴም ከዚያ በታች ይወርዳል። ችግሩ ቀስ በቀስ መሆኑ ነው። በጥቂት ቀን ውስጥ ንባቤ ከ6.5 ወደ 6.1 ወረደ። «ተነሳ!» ብዬ ተደሰትኩ። ሁለት ቀን ሳይለወጥ ሲቆይ ለጋዙ የሚሆን ስኳር ጨምሬ ጠርሙስ ውስጥ ከተትኩት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ አንዱ ጠርሙስ ሌሊት ፈነዳ። በጠዋት ሌላውን ከፍቼ፣ ጋዙን አስወጥቼ፣ በተውሶ ሃይድሮሜትር ስለካው 1.002። ጠርሙስ ውስጥ ሳስገባው፣ 6.1ን በማስያው ካሰላነው፣ 1.011 ወይም 1.012 አካባቢ ነበር። በተዘጋ ጠርሙስ ውስጥ ግራቪቲ በ0.001 ሲወርድ ከቢራው መጠን ግማሽ የሚያህል ጋዝ ይጨመራል። ዘጠኝ ጊዜ አባዙት። የተለመደ ቢራ በጠቅላላው የሚይዘው ከመጠኑ ሁለት እጥፍ ተኩል ያህል ጋዝ ነው።

እናም ቁጥራችሁ ከፍ ብሎ ከቀረ ኪሳችሁን ሳትነኩ መለኪያውን ጠርጥሩ። ሃይድሮሜትር ካላችሁ ንጹህ ውሃ ውስጥ ክተቱት፤ ላዩ ላይ በተጻፈው ሙቀት፣ ብዙውን ጊዜ 20 ዲግሪ፣ 1.000 ማለት አለበት። ውስጡ ያለው ወረቀት ሸርተት ብሎ የሚሸጥም አለና አትመኑት። ናሙናውን ከብርጭቆ ወደ ብርጭቆ እያገላበጣችሁ ጋዙን አስወጡ፤ አረፋው መለኪያው ላይ ተለጥፎ ወደ ላይ ይገፋዋል። ከፍሪጅ የወጣ ናሙናም ቁጥሩን ከፍ ያደርጋል።

መለኪያው ልክ ከሆነ ብቅሉን የዘፈዘፋችሁበትን ሙቀት አስታውሱ። 70 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከነበረ እርሾ የማይበላው ስኳር በዝቷል፤ ቢራው እዚያው ላይ ነው የሚጨርሰው። እርሾ የማይበላውን የወተት ስኳር፣ ላክቶስን፣ ከጨመራችሁም እንደዚያው። ከእነዚህ አንዱም ካልሆነ ትንሽ ቢራ በንጹህ እቃ ቀድታችሁ ብዙ ትኩስ እርሾ ጨምሩበትና ሞቅ ያለ ቦታ አስቀምጡት። እሱም ካልወረደ ዋናው ጥንስስ አልቋል። ከወረደ ግን እውነትም ቆሞ ነበር፤ ጥንስሱን ትንሽ ማሞቅና የተኛውን እርሾ ቀስ ብሎ መቀስቀስ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ደረቅ እርሾ እንዲሁ መበተን ግን ብዙ አያስገኝም። አልኮል ውስጥ ድንገት የገባ እርሾ ይደነግጣል፤ መጀመሪያ ለብቻው ማስነሳት ያስፈልጋል።

ብሬን መልስ ብዬ ለሻጩ ጽፌለት ነበር። «አጠቃቀሙን አላወቅክበትም» ብሎ ዘጋኝ። መመሪያ ወረቀት እኮ የለውም!

ዱቄቱን ጨምራችሁ ገና ካላሸጋችሁ ጠርሙሱን እርሱት። ሳምንታት ይፍጅ እንጂ ግራቪቲው ሙሉ በሙሉ እስኪቆም ጠብቁ። ያሸጋችሁ ደግሞ ሳትነቀንቁ ፍሪጅ ውስጥ አስገቡት፤ ሲቀዘቅዝ ግፊቱ ይቀንሳል። ከዚያ የዓይን መከላከያ መነጽርና ወፍራም ጓንት አድርጋችሁ፣ እያንዳንዱን ጠርሙስ በፎጣ ጠቅልላችሁ ክፈቱ። ልጆች ከክፍሉ ይውጡ።