በሕመም ፈቃድ ላይ ሳለሁ ሥራዬን ላተረፉልኝ ጠበቃ

ባለፈው ዓመት በከባድ የድብርት ሕመም ምክንያት ከሥራ ገበታዬ ለሦስት ወራት ያህል ርቄ በነበረበት ጊዜ የሥራ መብቴን ላስከበሩልኝ አንዲት ጠበቃ ምስጋናዬን በአደባባይ ለማቅረብ፣ ተመሳሳይ ችግር ለገጠማችሁም ለመጠቆም ይህን ጽፌአለሁ።

ነገሩ የተበላሸው ገና ከመነሻው ነበር። ቤተሰቦቼ ከሐኪም በፊት ጠበል ስለወሰዱኝ (በፍቅር ያደረጉት ነውና አልወቅሳቸውም) አራት የሥራ ቀናት ያለ ማስረጃ አለፉ። ከዚያ በኋላ የሥነ አእምሮ ሐኪሙ የጻፈልኝ የእረፍት ማስረጃ ለአለቃዬ በእጅ ቢሰጥም፣ መሥሪያ ቤቱ ያለ በቂ ምክንያት ከሥራ እንደቀረሁ አድርጎ ስሜን በማስታወቂያ ሰሌዳ ለጠፈ፤ የሁለተኛው ወር ደመወዜም አልገባም።

ጠበቃዋ ወረቀቶቼን በቀን ቅደም ተከተል ጠረጴዛ ላይ ደርድረው ካነበቡ በኋላ አስቀድመው የነገሩኝ ደካማ ጎኔን ነው፤ የጠበሉ ቀናት የሕክምና ማስረጃ ስለሌላቸው ከዓመት እረፍቴ እንዲቀነሱ መጠየቅ እንደሚሻል መከሩኝ። ለቀረው ግን የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን ገልጠው አንቀጽ 85ን እና 86ን አስነበቡኝ። የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ከሥራ ጋር ባልተያያዘ ሕመም መሥራት ሲያቅተው፣ ሕመሙ ከጀመረበት ቀን አንስቶ በ12 ወራት ውስጥ፣ በተከታታይም ሆነ በተለያየ ጊዜ፣ እስከ 6 ወር ፈቃድ ያገኛል፤ ለመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ለቀጣዮቹ 2 ወራት ግማሹ ይከፈለዋል፣ የመጨረሻዎቹ 3 ወራት ያለ ክፍያ ናቸው። ሕጉ የሚያነሣው ሕመምን ነው እንጂ የአካል ወይም የአእምሮ ብሎ አይለይም። በማግስቱ የማሳወቅ ግዴታዬንም ታላቅ እህቴ ለአለቃዬ በስልክ የላከችው አጭር መልእክት እንደሚሸፍንልኝ ያስተዋሉት እርሳቸው ናቸው።

ከዚያም የአንድ ገጽ ደብዳቤ አዘጋጅተው መዝገብ ቤት እንዳስገባ፣ በእጄ በሚቀረው ቅጂ ላይም የገቢ ቁጥርና ማኅተም ሳላስደርግ እንዳልወጣ አስጠነቀቁኝ። የሕመሜን ዝርዝር በደብዳቤው ውስጥ አንድም ቦታ አላነሡም፤ የጠቀሱት የማስረጃውን ቁጥርና የእረፍቱን ቀናት ብቻ ነበር። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ማስታወቂያው ከሰሌዳው ተነሣ፣ የተያዘው ግማሽ ደመወዜም ገባልኝ።

ተናድጄ ስለነበር ክስ እንክፈት ብዬ ብወተውትም፣ ሳልሰናበት ወደ ፍርድ ቤት መሮጥ ገንዘቤን ማባከን መሆኑን ነግረው ከለከሉኝ፤ የተቀበሉኝም የደብዳቤውን ዋጋ ብቻ ነው። የስንብት ደብዳቤ ቢመጣ ግን ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ክስ በ3 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ እንደሚታገድ አስረድተውኛል።

ያለ ፈቃዳቸው ስማቸውን እዚህ ማውጣት ስላልፈለግሁ፣ ለሚፈልግ ሰው አድራሻቸውን በውስጥ መስመር እሰጣለሁ። ወደ እርሳቸው ስትሄዱ የሥራ ውላችሁን፣ የሕክምና ማስረጃችሁን እና ከመሥሪያ ቤታችሁ ጋር የተላላካችሁትን መልእክት ሁሉ ይዛችሁ ሂዱ፤ ከሰላምታ ቀጥለው የሚጠይቁት እነዚህኑ ነው።