በጅማ የሚሸጡት የሜሲ ማልያዎች፦ ደረቱ የአንድ ዘመን፣ ጀርባው የሌላ

ጅማ ውስጥ የሜሲ ማልያ ለማግኘት ብዙ መዞር አያስፈልግም። መርካቶ አካባቢ ካሉት የስፖርት ዕቃ መሸጫዎች አንስቶ መንገድ ዳር ሸራ ዘርግተው እስከሚሸጡት ወጣቶች ድረስ፣ ሮዙ የኢንተር ማያሚ፣ ነጭና ሰማያዊው የአርጀንቲና፣ ቀይና ሰማያዊው የባርሴሎና ተሰቅለው ይታያሉ። ጨርቁ በአብዛኛው የሚለበስ ነው፤ ስፌቱም መጥፎ አይባልም። ችግሩ ያለው ጀርባው ላይ ነው። ደረቱ ላይ ያለው ስፖንሰር የአንድ ዘመን፣ ቁጥሩ የሌላ ዘመን የሆነ ማልያ ከሚገባው በላይ በዝቷል። በ2010 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ የወሰደው የጅማ አባ ጅፋር ከተማ ኳስ የሚያውቅ ሕዝብ ያለበት ነው። ለእንዲህ ዓይነት ተመልካች የሚሸጥ ማልያም የተጫዋቹን ታሪክ የሚያውቅ ሊሆን ይገባል።

ስለዚህ ምክሩ ከመነሻው ይህ ነው፦ ስምና ቁጥር ያልታተመበትን ማልያ ግዙ፤ ህትመቱን እዚሁ ከተማ ለብቻው አሠሩ። ታትሞ የሚመጣው በጅምላ ስለሚሠራ ለሁሉም ማልያ ያው «ሜሲ 10» ይለጠፍበታል። ሜሲ ግን ሁልጊዜ 10 ቁጥር አልለበሰም።

ከባርሴሎና እንጀምር። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ሜሲ ከአርጀንቲናዋ ሮዛሪዮ ተነሥቶ ባርሴሎና የገባው በ2000፣ በ13 ዓመቱ ነው። በዋናው ቡድን የመጀመሪያውን የሊግ ጨዋታ ያደረገው ጥቅምት 16 ቀን 2004 ከኤስፓኞል ጋር ሲሆን ጀርባው ላይ የነበረው ቁጥር 30 ነበር። ግንቦት 1 ቀን 2005 በሮናልዲንሆ አቀባይነት አልባሴቴ ላይ የመጀመሪያ ጎሉን ሲያስቆጥርም ያው 30 ነበር። የዚያ ዘመን ማልያ ደረቱ ባዶ ነው፤ ባርሳ በዚያን ጊዜ ደረቱ ላይ ስፖንሰር አልነበረውም። «ዩኒሴፍ» የሚለው የመጣው በ2006/07 ነው፣ ሜሲም ወደ 19 የተቀየረው ያኔ ነው። ሚያዝያ 2007 ከመሀል ሜዳ ተነሥቶ ተከላካዮችን እያለፈ ጌታፌ ላይ ያስቆጠራት ጎል የ19 ቁጥር ናት። 10 የተረከበው ሮናልዲንሆ በ2008 ወደ ሚላን ከሄደ በኋላ ነው።

ይህ ማለት ዩኒሴፍ ደረቱ ላይ ያለበት ማልያ እንደ ዓመቱ 19 ወይም 10 ሊሆን ይችላል። መለያው የማልያው ቅርጽ ነው። የ2008/09ኙ ሁለት እኩል ቦታ የተከፈለ ነው፤ ግማሹ ቀይ፣ ግማሹ ሰማያዊ። ሮም ላይ በተደረገው የ2009 የሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ ማንቸስተር ዩናይትድ ላይ በጭንቅላቱ ያስቆጠረው በዚህ ነውና እሱ ላይ 10 ብቻ ነው የሚሄደው። በ2011 «ኳታር ፋውንዴሽን» ደረቱን ሲይዝ ዩኒሴፍ ወደ ጀርባ፣ ከቁጥሩ ሥር ወረደ። በ2013 «ኳታር ኤርዌይስ»፣ በ2017 «ራኩተን» ተከተሉ። «ስፖቲፋይ» የገባው በ2022 ክረምት ነው፤ ሜሲ ግን ባርሳን የለቀቀው ነሐሴ 2021 ነው። ስፖቲፋይ ደረቱ ላይ ኖሮ ጀርባው «ሜሲ 10» የሚል ማልያ ሜሲ አንድም ቀን ለብሶት አያውቅም። ገበያው ላይ ግን ይህኛው በብዛት አለ። ለባርሳ በ778 ጨዋታ 672 ጎል ያስቆጠረ ሰው ትክክለኛ ማልያውን አጥቶ፣ እሱ ከሄደ በኋላ በመጣ ማልያ መታወቁ ያሳዝናል። ሻጩ «አዲሱ ነው» ሲል አዲስ መሆኑ እውነት ነው፤ የሜሲ መሆኑ ነው ውሸቱ።

የፓሪስ ሴንት ዠርሜይን ቀላል ነው። 10 የኔይማር ስለነበር ሜሲ ወደ መጀመሪያ ቁጥሩ 30 ተመለሰ፤ ፈረንሳይ ውስጥ 30 በልማድ ለበረኛ የሚቀመጥ ቁጥር ነው። ሁለት ዓመት ብቻ ነው የቆየው፣ ከ2021 እስከ 2023። በመጀመሪያው ዓመት ደረቱ ላይ «አኮር»፣ በሁለተኛው «ኳታር ኤርዌይስ» ነው። «ሜሲ 10» የሚል የፓሪስ ማልያ ካያችሁ እለፉት።

የኢንተር ማያሚው ከሐምሌ 2023 ጀምሮ ነው፣ ቁጥሩ 10። በመጣበት ዓመት ደረቱ ላይ «ኤክስ ቢ ቲ ኦ» ነበር፤ ከ2024 ጀምሮ «ሮያል ካሪቢያን» ሆነ። ሁለቱም ትክክል ናቸው። ሮዙ ቀለም ግን ከጥራት ጥራት በጣም ይለያያል፤ ዝቅተኛው ደረጃ በመብራት ሥር ጥሩ መስሎ ፀሐይ ላይ ሲወጣ ወደ ብርቱካን ያደላል። ሱቁ በር ላይ አውጥታችሁ በቀን ብርሃን እዩት።

አርጀንቲና ላይ ጥንቃቄ የሚፈልገው ኮከቡ ነው። ከአርማው በላይ ያሉት ኮከቦች የዓለም ዋንጫ ብዛት ናቸው፤ 1978፣ 1986 እና 2022። ታኅሣሥ 18 ቀን 2022 ሉሳይል ላይ ከፈረንሳይ ጋር 3 ለ 3 ተለያይተው በመለያ ምት 4 ለ 2 ሲያሸንፉ የተጫወቱበት ማልያ ባለ ሁለት ኮከብ ነው። ባለ ሦስቱ የመጣው ካሸነፉ በኋላ ነው። የፍጻሜውን ማልያ የሚፈልግ ሰው ሁለት ኮከብ ያለውን ይያዝ፤ «ይሄ አሮጌ ነው፣ ሦስት ያለው ይሻላል» የሚል ሻጭ አያታላችሁ። የዚህ ማልያ ስምና ቁጥር በጥቁር ነው፤ በሰማያዊ የታተሙትን አትውሰዱ። ሜሲ ለብሔራዊ ቡድን 10 መልበስ የጀመረው በ2009 ነው። የ2006 የዓለም ዋንጫ 19፣ የ2008 የቤጂንግ ኦሎምፒክ 15 ነው፤ ያኔ 10 የሪኬልሜ ነበር። ከሁሉም ማልያ ጅማ ላይ ለገንዘባችሁ የሚመጥነው የአርጀንቲናው ነው፦ አርማው ጥሩ ይሠራል፣ ጥቁር ህትመት ደግሞ ለአታሚው ቀላል ነው።

አሁን ስለ ጨርቁ። ሻጮች «ፋን ቨርዥን» እና «ፕሌየር ቨርዥን» ይላሉ። ልዩነቱ እውነተኛ ነው። የደጋፊው ሰፋ ያለ፣ አርማው የተጠለፈ ነው። የተጫዋቹ ሰውነት ላይ የሚጣበቅ፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው፣ አርማው በሙቀት የተለጠፈ ነው። አዲዳስ በ2022ቱ የአርጀንቲና ማልያ ላይ የደጋፊውን «ኤሮሬዲ»፣ የተጫዋቹን «ሂት ሬዲ» ብሎ ከታች ጫፉ አካባቢ ጽፎበታል። ስለዚህ «ኤሮሬዲ» ተብሎ ተጽፎበት አርማው ተለጣፊ የሆነ፣ ወይም «ሂት ሬዲ» ተብሎ ጥልፍ የሆነ ማልያ ሁለት ነገር የተደባለቀበት ኮፒ ነው። ኮፒ መሆኑ በራሱ ጥፋት አይደለም፤ እዚህ ከሚሸጠው አብዛኛው ኮፒ ነው። ጥፋቱ በኦርጂናል ዋጋ መሸጡ ነው። የውስጥ ሌብሉ ላይ ያለውን የምርት ኮድ ስልካችሁ ላይ ፈልጉ፤ ሌላ ማልያ ወይም ጫማ ካመጣ ነገሩ አልቋል። ትክክለኛውን ቢያመጣ ግን ማረጋገጫ አይደለም፤ ጥሩ ኮፒ ኮዱንም ይቀዳል።

ማልያውን ገልብጣችሁ የጥልፉን ጀርባ ተመልከቱ። ክሩ ተንጠልጥሎ፣ ነጩ ወረቀት እንደተቀደደ ከቀረ አርማው ከጥቂት እጥበት በኋላ ይጨማደዳል። የብብቱን ስፌት በሁለት እጅ ወደ ጎን ሳቡ፤ ክሩ መሀል ብርሃን ካሳየ ተዉት። ልክ ላይ ደግሞ «ታይላንድ» የሚሉት ኮፒ ጠበብ ይላል፤ ኤል የሚለብስ ሰው ኤክስ ኤል ይለካ። የተጫዋቹ ዓይነት ከሆነ ሆዱ ላይ የበለጠ ይጠብባል።

ህትመቱ ከሁሉ በላይ መነጋገር የሚገባን ነገር ነው፤ ምክንያቱም ጅማ ውስጥ መሣሪያው አለ፣ የሚጎድለው ጥንቃቄ ነው። ሥራው እንዲህ ነው የሚሄደው። ስሙና ቁጥሩ በኮምፒዩተር ተሠርቶ በመቁረጫ ማሽን ቪኒል (ጀርባው ሙጫ ያለው ስስ ፕላስቲክ) ላይ ተገልብጦ ይቆረጣል፤ ትርፉ ይለቀማል። ቁጥሩ ለአዋቂ ወደ 25 ሴንቲ ሜትር ቁመት፣ ስሙ ከ5 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር ተኩል ይሁን። ከዚህ ሲያንስ የልጅ ልብስ ይመስላል፤ ብዙ አታሚ ቪኒል ለመቆጠብ የሚያሳንሰው እዚህ ላይ ነው። ከዚያ ማልያው ቪኒሉ ሳይቀመጥበት ከ3 እስከ 5 ሰከንድ በሂት ፕሬስ (እየሞቀ በሚጫን ማሽን) ብቻውን ይተኮስ። ይህ የሚዘለል ደረጃ ነው፣ ጅማ ላይ ግን ሊዘለል አይገባም። በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር ዝናብ የሚጥልበት ከተማ ውስጥ ሱቅ ውስጥ የተሰቀለ ማልያ እርጥበት ይይዛል፤ እርጥበቱ ሙጫው ሥር እንፋሎት ሆኖ ቁጥሩን ያሳብጠዋል።

መሀሉን ለማግኘት ማልያውን በቁመቱ አጥፎ መስመር ማውጣት ነው፤ በዓይን የሚገምት አታሚ ስሙን ያጣምመዋል። ለተለመደው ቪኒል ሙቀቱ ወደ 150 ዲግሪ፣ ጊዜው 15 ሰከንድ ያህል ነው። ለዝቅተኛ ሙቀት የተሠራው 130 አካባቢ ይበቃዋል። ጥቅሉ ላይ የተጻፈው ይቀድማል። ሲያልቅ ቪኒሉን ከላይ የያዘው ፕላስቲክ «ቀዝቅዞ ይላጥ» የሚል ከሆነ መጠበቅ ግድ ነው። ደንበኛ ቆሞ ሲያስቸኩል ትኩሱን ይስቡታል፣ ያኔ የመጨረሻዋ «አይ» ጫፍ አብራ ትነሣለች፤ ማልያው ከሱቅ ሳይወጣ መላጥ ጀመረ ማለት ነው። በመጨረሻ በቴፍሎን ጨርቅ ሸፍኖ ለጥቂት ሰከንድ መድገም።

ሁለት ነገር በተለይ ጠይቁ። አንደኛው መብራት ነው። ኃይል ተቋርጦ ሲመለስ፣ ወይም ሲዋዥቅ፣ ሂት ፕሬሱ መሀሉ ሞቆ ዳሩ ይቀዘቅዛል። የ10 ቁጥር «0» መሀሉ ተጣብቆ ዙሪያው የሚነሣው በዚህ ነው። መብራት አሁን ከመጣ ማሽኑ እስኪረጋ ጠብቁ ወይም በሌላ ቀን ተመለሱ። በቤት ካውያ እሠራዋለሁ የሚል ካለ አትስጡት፤ ካውያ እኩል አይጫንም፣ የካውያው የእንፋሎት ቀዳዳዎች ያሉበት ቦታም ሳይሞቅ ይቀራል።

ሁለተኛው የባርሳ ቀይ ነው። ፖሊስተር ላይ ያለው ቀለም ሲሞቅ ወደ ቪኒሉ ይወጣል። ቢጫው ወይም ነጩ ቁጥር ስትረከቡት ንጹሕ ሆኖ ከቀናት በኋላ ሮዝ ይሆናል። መድኃኒቱ ከሥሩ ቀለም የሚያግድ ሽፋን ያለው ቪኒል ነው፤ ጀርባው ግራጫ ወይም ጥቁር ስለሆነ በዓይን ይለያል። ከሌለ ቢያንስ በዝቅተኛ ሙቀት የሚሠራው ይሁን። ሁለቱም ከሌሉ የባርሳውን ሌላ ቦታ አሳትሙ። ስትረከቡ ቁጥሩን በሁለት ጣት ወደ ጎን ትንሽ ሳቡ፤ ነጭ ስንጥቅ ከታየ ሙቀት በዝቶበታል፣ ጠርዙ በጥፍር ከተነሣ በቂ አልሞቀም። ሂሳብ ከመክፈላችሁ በፊት አድርጉት። ህትመቱን ከማልያው ዋጋ ለይታችሁ ተደራደሩ፤ ሲበላሽ ማን እንደሚተካም ያኔውኑ ተነጋገሩ።

ከታተመ በኋላ 24 ሰዓት ውኃ አይንካው። ስታጥቡ ገልብጣችሁ፣ ቀዝቃዛ ወይም ለብ ባለ ውኃ። የጅማ ቀይ አፈር ነጩን የአርጀንቲና መስመርና የማያሚን ሮዝ አጥብቆ ይይዛል፤ በሳሙና ውኃ ግማሽ ሰዓት ዘፍዝፋችሁ በለስላሳ ብሩሽ ጨርቁን ብቻ ፈትጉ፣ ህትመቱን አትንኩ። በረኪና ፈጽሞ አይግባበት፤ ነጩን ቢጫ ያደርገዋል፣ ሙጫውንም ይበላዋል። አትጭመቁት፣ በፎጣ ጠቅልላችሁ ውኃውን አውጡና ጥላ ላይ ስቀሉት። ክረምት ላይ ልብስ ቶሎ አይደርቅምና በከሰል ምድጃ ላይ የማድረቅ ልማድ አለ፤ ቁጥሩ እርስ በርሱ የሚጣበቀው ያኔ ነው። ነፋስ በሚያልፍበት በረንዳ ይዋል ይደር።

ጠርዙ የተነሣ ህትመት ካለ በሱፐር ግሉ አትለጥፉት፣ ደርቆ ይሰነጠቃል። ወደ አታሚው ወስዳችሁ በቴፍሎን ተሸፍኖ እንደገና ለ10 ሰከንድ ይተኮስ፤ ሙጫው በአቧራ ካልተበከለ ይይዛል። ከተበከለ ደግሞ ያቺን ፊደል ብቻ አስነሥቶ አዲስ ማስቆረጥ ይቻላል፤ ሙሉውን ቁጥር ቀይር የሚላችሁን አትስሙ።