የጥንት ሰፈርን በኮምፒውተር መልሶ መገንባት፦ በፎቶ ወይስ በእጅ?

አንድን ጥንታዊ የከተማ ሰፈር ሰው ገብቶ እንዲዞርበት አድርጋችሁ በኮምፒውተር መሥራት ፈለጋችሁ እንበል። ወይ በፎቶግራሜትሪ ከብዙ ፎቶዎች ሞዴል ታወጣላችሁ፣ ወይ እንደ ብሌንደር ባለ ሶፍትዌር ቤት በቤት በእጅ ትሠራላችሁ።

ወጪ፦ ለፎቶው ጥሩ ካሜራና ጉልበተኛ ኮምፒውተር ያስፈልጋል። ብሌንደር ነፃ ነው፤ የሚበላው ጊዜ ነው።

ቅለት፦ ፎቶው ይፈጥናል። ግን ፎቶዎቹ ከግማሽ በላይ መደራረብ አለባቸው፤ መስታወትም ያበላሸዋል። ፋይሉ ስለሚከብድ ደግሞ ሳይቀንሱት ሰው ሲዞርበት ይንቀራፈፋል።

ስጋት፦ ዋናው ጣጣ እዚህ ነው። ካሜራ የፈረሰውን አያይም። በእጅ ስትሠሩ ግን የድሮ ካርታ ያልነገራችሁን በግምት ትሞላላችሁ፤ ጎብኚውም ግምቱን እውነት ብሎ ይወስደዋል። እኔ ብሆን ግምቱን በሌላ ቀለም እለየው ነበር።

ሰፈሩ ዛሬም ቆሞ ከሆነ ሳይውል ሳያድር መቅረጽ ነው። የፓሪሱ ኖትርዳም ካቴድራል በ2010 እ.ኤ.አ. በሌዘር ተለክቶ ስለነበር፣ በ2019 ሲቃጠል ልኬቱ ለጥገናው ጠቅሟል። ሰፈሩ ከጠፋ ግን የእጅ ሥራ ግድ ነው፤ የ320 እ.ኤ.አ. ሮምን የሚያሳየው ሮም ሪቦርን የተባለ የኮምፒውተር ሞዴል ዋና ዋና ሕንጻዎቹ እንዲህ ነው የተሠሩት። ግማሹ ቆሞ ግማሹ ከፈረሰስ? ሁለቱን ማቀላቀል ነዋ።