"አፍሽ ሌላ ክፍል፣ ዓይንሽ ሌላ ክፍል ነው" ላሉኝ ሴንሴዬ

ሰላም ለሁላችሁ። ይሄን ለመጻፍ ካሰብኩ ቆየሁ፤ ሥራው፣ ልጁ፣ ድካሙ እያለ ዛሬ ላይ ደረሰ። የምጽፈው በዋናነት ቶኪዮ ላላችሁ፣ በተለይ ካትሱሺካ ውስጥ ዮትሱጊና አካባቢው ለምትኖሩ ሀበሾች ነው። ሌላ ቦታ ሆናችሁ ጃፓንኛ የምትማሩም ካላችሁ አንብቡት፣ አይጎዳችሁም።

ነገሩ ጃፓንኛ ስላስተማሩኝ አንዲት እናት ነው። "ስሜ ኢንተርኔት ላይ እንዳይወጣ" ብለው አጥብቀው ስለነገሩኝ ስማቸውን አልጽፍም። እኔ ሴንሴይ (አስተማሪዬ እንደማለት) ነው የምላቸው፤ እዚህም ሴንሴይ እንበላቸው። በሰፈራችን የሕዝብ አዳራሽ ቅዳሜ ማታ የበጎ ፈቃድ የቋንቋ ትምህርት አለ፣ እዚያ ነው ያሉት። የሚከፈለው ለፎቶ ኮፒ ተብሎ 100 የን ነው። 100 የን! ከዚያ በፊት የከፈልኩትን ሳስበው አሁንም ሆዴን ይቆርጠኛል።

እሱን መጀመሪያ ላውጣው፣ አለበለዚያ ምስጋናውም አይጥመኝ።

ጃፓን ከገባሁ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ሥራዬ ሆቴል ውስጥ ክፍል ማጽዳት ነው። አብረውኝ የሚሠሩት ጃፓናውያን እናቶች ናቸው፤ ቋንቋውን በጆሮዬ ከነሱ ለቀምኩት። "አንሶላ አልቋል"፣ "የ302 እንግዳ ገና አልወጣም"፣ "ትናንት ባሌ አናደደኝ"፣ ይሄን ሁሉ እናወራለን፣ እንስቃለን። ማንበብ ግን ባዶ። ባቡር እንኳን የምለየው በመስመሩ ቀለም ነበር።

ልጄ አንደኛ ክፍል ልትገባ ስትል ደነገጥኩና አንድ ቋንቋ ትምህርት ቤት ተመዘገብኩ። የት እንደሆነ አልናገርም። ገና ከበር የጽሁፍ ፈተና ሰጡኝ። እኔ ወረቀቱን አየሁት፣ ወረቀቱም እኔን አየኝ፣ ባዶውን መለስኩት። ጀማሪ ክፍል አስገቡኝ። ሶስት ወር ሙሉ "እኔ ተማሪ ነኝ፣ ይህ እርሳስ ነው።" ኧረ እኔ በዚህ ቋንቋ ተጣልቼ የታረቅኩ ሰው ነኝ! ስነግራቸው ከፍ ያለው ክፍል አዛወሩኝ፤ እዚያ ደግሞ ሌላ ጉድ። አብዛኞቹ ከቻይና የመጡ ልጆች ናቸው። ካንጂውን፣ ማለትም ጃፓኖች ከቻይና የወሰዱትን የቃል ምልክት፣ ከልጅነታቸው ያውቁታል፤ የጃፓኑ አነባበብ ቢጠፋቸው እንኳ ትርጉሙን አይተው ይጨርሱታል። አስተማሪው በነሱ ፍጥነት ይሮጣል። እኔ የመጀመሪያው መስመር ላይ ጣቴን እንዳስቀመጥኩ እነሱ ገጹን ገልብጠዋል።

በዚህ ሁኔታ ጁላይ ላይ ጄኤልፒቲ የሚባለውን የጃፓንኛ ችሎታ ፈተና፣ ኤን4 የተባለውን ደረጃ፣ ተፈተንኩ። ለማታውቁት፣ ፈተናው ከኤን5 እስከ ኤን1 አምስት ደረጃ ነው፤ ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ይከብዳል። ንግግር የሚባል ነገር የለበትም፤ መጻፍም የለም፤ ሁሉም ማጥቆር ነው። ማዳመጥ ከ60 55 አመጣሁ። ቃላት፣ ሰዋስውና ንባቡ ተደምሮ ከ120 36። ጠቅላላ 91። ማለፊያው 90 ነው። እልል አልኩ፣ አዲስ አበባ ለእማዬም ደወልኩ! ባለቤቴ ነው ወረቀቱን ትኩር ብሎ አይቶ "አላለፍሽም እኮ" ያለኝ። ለካ ለየክፍሉም ዝቅተኛ ነጥብ አለው፤ ለንባቡ 38 ነው። በሁለት ነጥብ ወደቅኩ። ትምህርት ቤቱ ሄጄ ምን ይሻለኛል ስላቸው፣ ፀሐፊዋ ፈገግ ብላ የክፍያ ቅጽ ዘረጋችልኝ። "ኮርሱን ከመጀመሪያው ይድገሙት።" 55 እና 36 ጎን ለጎን ተጽፈው ተቀምጠዋል። አንድ ሰው "ይህቺ ሴትዮ እየሰማች ለምን አታነብም?" ብሎ አልጠየቀም። አንድም ሰው።

ከዚያ ተስፋ ቆርጬ ቴሌግራም ላይ "በሶስት ወር ኤን3" ለሚል ሰው ከፈልኩ። የኛው ሰው ነው። በላቲን ፊደል የተጻፈ አንድ ፒዲኤፍ ልኮልኝ ጠፋ። እግዜር ይይለት።

ግን እውነቱን ለመናገር ፈተናው አልነበረም የሰበረኝ። አንድ ማክሰኞ ጠዋት ነው። ልጄን እንደ ሁልጊዜው ያንን ጠንካራውን የትምህርት ቤት ቦርሳ፣ ራንዶሴሩን አሸክሜ እስከ መታጠፊያው ሸኘኋት። የሰፈሩ ልጆች እዚያ ተሰብስበው በሰልፍ ነው የሚሄዱት። ሁሉም ባለቀለም ለስላሳ የጀርባ ቦርሳ ይዘዋል፣ አንገታቸው ላይ የውሃ ኮዳ። የኔዋ ብቻ ራንዶሴሩ። ዞር ብላ አየችኝና "እማ፣ ዛሬ ሽርሽር ነው እንዴ?" አለች። አርብና ሰኞ አሟት ቀርታ ስለነበር አልሰማችም። ሌላ ቀን ትምህርት ቤቱ ምሳ ያበላል፤ የሽርሽር ቀን ግን ምሳ ከቤት ነው። ይሄን የሚለው ወረቀት የት ነበር? ቤቴ! ፍሪጁ ላይ በማግኔት የለጠፍኩት እኔው ነኝ። ሳምንት ሙሉ ወተት ባወጣሁ ቁጥር አየዋለሁ።

አስተማሪዋ ኦኒጊሪ (የተድቦለቦለ ሩዝ) ገዝታ አበላቻት፣ ትባረክ። ልጄ ማታ "ጣፋጭ ነበር" ብላ ተኛች። እኔ አልተኛሁም።

ሴንሴይን ያገኘኋቸው በዚያው ሳምንት ነው፤ ሥራ ቦታ ያለች ጓደኛዬ ናት የጠቆመችኝ። አዳራሹ ውስጥ አራት አምስት ጠረጴዛ አለ፤ ቬትናሞች፣ ኔፓሎች፣ ፊሊፒኖች፣ ጥግ ላይ ፊደል የሚቆጥሩ፣ መስኮቱ ጋ ለኤን1 የሚዘጋጁ። ሴንሴይ ሰባውን የዘለሉ፣ ድሮ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ የነበሩ፣ ቀጭን ሴት ናቸው። ፈተና ይሰጡኛል ብዬ ሆዴ ተንቦጫቦጨ። ወረቀት አልሰጡኝም። "ዛሬ ምን ዋልሽ?" ነው ያሉኝ። እኔም አወራሁላቸው፤ ስለ ሽርሽሩም፣ ስለ ፍሪጁም፣ ሁሉንም። ሳወራ እንባዬ መጣ። ከቦርሳቸው ትንሽ ፎጣ አውጥተው ሰጡኝና "ወረቀቱ አለሽ?" አሉ። አለኝ፤ ተጨማድዶ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር።

እዚህ ላይ ነው ልነግራችሁ የፈለግኩት። አላነበቡልኝም! ቀይ እርሳስ አነሱና ከዚያ ሁሉ ጥቁር ጽሁፍ ውስጥ ሶስት ቦታ ብቻ ከበቡ። አንዱ ቀኑ። አንዱ "ሺሜኪሪ" የሚባለው፣ ቅጽ የሚመለስበት የመጨረሻ ቀን። ሶስተኛው "ሞቺሞኖ"። ሞቺ መያዝ፣ ሞኖ ነገር፤ ይዘው የሚመጡት ነገር ማለት ነው። "የመጀመሪያዋን ካንጂ እያት፣ በግራዋ በኩል ያለችው እጅ ናት፤ በእጅ ነው የሚያዘው" አሉኝ። ከሥሩ ምሳ፣ ኮዳ፣ መሬት ላይ የሚነጠፍ ፕላስቲክ ተዘርዝሯል። "ሌላውን ቀስ ብለሽ ትደርሺበታለሽ። እነዚህን ሶስት ካገኘሽ ልጅሽ ምሳ አታጣም።"

ከዚያ እየሳቁ "አፍሽ ሌላ ክፍል፣ ዓይንሽ ሌላ ክፍል ነው" አሉኝ። "ለምን አንድ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ?" ለሁለት ከፈሉኝ። የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት ጥግ ካሉት ፊደል ቆጣሪዎች ጋር፣ የቀረውን ደግሞ ከላይኞቹ ጋር እንዳወራ። እዚያ አንድ የኔፓል ልጅ አለ፣ ለኤን2 የሚዘጋጅ፤ ሲያነብ እሳት ነው፣ ተናገር ሲባል ላብ ያጠምቀዋል። እሱን ከኔ ጋር አጣመሩት። እሱ የልጄን ትምህርት ቤት ወረቀት ያነባል፣ እኔ እያወራሁ አስወራዋለሁ። ያንን ሁሉ ብር የከፈልኩባቸው ሰዎች ይሄ ለምን አልታያቸውም? አሁንም ይገርመኛል።

ሌላ ቀን ደግሞ ሰዋስው ላይ ተጣብቄ ቀረሁ። "ትናንት የገዛሁት ዳቦ" ማለት ፈልጌ፣ በፊት እንደተማርኩት በሆዴ ወደ እንግሊዝኛ አዙሬ፣ ከዚያ ወደ ጃፓንኛ ገልብጬ፣ መሃል ላይ ዳቦው ጠፋኝ። ሴንሴይ "በአገርሽ ቋንቋ በይው እስቲ፣ ቃል በቃል" አሉኝ። ትናንት፣ የገዛሁት፣ ዳቦ። ከያንዳንዱ ሥር የጃፓኑን ጻፉ፦ ኪኖ፣ ካታ፣ ፓን። ቁጭ! አንድም ቃል ቦታ አልቀየረም። ግሱ መጨረሻ ላይ መምጣቱም እንደኛው ነው። "ታዲያ ለምን በእንግሊዝ ዞረሽ ትመጫለሽ?" አሉ። አማርኛ አንድ ቃል አያውቁም እኮ! ጠይቀው፣ ሰምተው፣ ወዲያው ገባቸው። ከዚያ ወዲህ እንግሊዝኛውን ከመሃል አወጣሁት፣ ራሴም ቀለለኝ።

ማጥበቅም ላይ ጎበዝ ነሽ ተባልኩ። "ኪተ" ሲላላ "መጥተህ" ነው፣ ሲጠብቅ ቴምብር ነው፤ ሌሎቹ ይደናገራሉ። እኛ ገናን ከገና፣ አለን ከአለ ስንለይ ነው ያደግነው፤ ፊደላችን ባያሳየውም አፋችን ያውቀዋል። ማስረዘም ላይ ግን አልቻልኩም። "ኦባሳን" አክስት፣ "ኦባአሳን" አያት። አንዷን የሥራ ባልደረባዬን እትዬ ያልኩ መስሎኝ አያቴ ብያት አረፍኩ። ሴንሴይ ሰምተው በሳቅ ፈረሱ፤ ለካ ከሁለቱ አንዱም ለሷ አይባልም ነበር፣ በስሟ ነው የምትጠራው።

ፊደሉን በሶስት ሳምንት ጨረስኩት። ከካንጂው ሌላ ሁለት የድምፅ ፊደል አላቸው፤ ሂራጋናው 46 ነው፣ ካታካናውም እንደዚያው። የኛን ገበታ በስልኬ ሳሳያቸው "ይሄን ሁሉ የቆጠረች ሴት 46 ምን ያስፈራታል!" አሉ። የኛ ከ እግሯን ቀጥላ፣ እጇን ዘርግታ ነው ኩ ኪ የምትሆነው፤ የነሱ ካ እና ኪ ግን በመልክ ዘመድም አይደሉም፣ አንድ በአንድ መያዝ ነው። ካንጂውን ከልጄ ጋር ጀመርን። ጃፓን ውስጥ አንደኛ ክፍል 80 ካንጂ ነው የሚያስተምሩት። ማታ ማታ አንድ ጠረጴዛ ላይ እሷ በሷ ደብተር፣ እኔ በኔ። አሁን ሁለተኛ ክፍል ነን፣ የዘንድሮዎቹ 160 ናቸው፣ ትቀድመኛለች።

በዓመቱ ጁላይ ኤን4ን ደገምኩት። ንባብ 71፣ ማዳመጥ 56። ለእማዬ ከመደወሌ በፊት ባለቤቴ አገላብጦ እንዲያየው አደረግኩ።

ሴንሴይ አማርኛ አያነቡም፣ ይሄን አያዩትም። ቢሆንም እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ፣ ውለታዎትን ይክፈልልኝ። እናንተ ደግሞ እባካችሁ፣ በተለይ ልጆች ያሏችሁ እህቶቼ፣ "አልችልም፣ ጀማሪ ነኝ" ብላችሁ አትቅሩ፤ "እኔ እናገራለሁ፣ አይቸግረኝም" ብላችሁም አትቅሩ። ሁለቱንም ብያለሁ። ገንዘባችሁን አንድ ቦታ ከመክፈላችሁ በፊት አንድ ቅዳሜ ብቻ ኑ። ማንበብ ያቃታችሁን ወረቀት ይዛችሁ ኑ፤ የትምህርት ቤትም ይሁን የቀበሌያቸው፣ አትፈሩ። በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ቦታውን እነግራችኋለሁ፤ ካፈራችሁም ጣቢያው ድረስ መጥቼ እወስዳችኋለሁ።

ትናንት ሌላ ወረቀት መጣ። ስኳር ድንች ቆፈራ ሊሄዱ ነው። ቀኑን አነበብኩ። ሞቺሞኖን አገኘሁ። ቦት ጫማ፣ ኮዳ፣ ፎጣ። አንድ ቃል ቀረኝ፤ ሁለት ካንጂ ናት፣ የመጀመሪያዋን አላውቃትም፣ ሁለተኛዋ "እጅ" ናት። ድንች ቆፈራ፣ እጅ... ጓንት! ልጄን ጠራኋት፣ የመጀመሪያዋን እሷም ገና አልተማረችም። ተያይዘን የ100 የን ሱቅ ሄደን በሷ ልክ ትንሽ ጓንት ገዛን። የመጀመሪያዋ ምን እንደምትባል ቅዳሜ እጠይቃቸዋለሁ።