የጤና መድን ደብተር ለአእምሮ ሕመምና ለአካል ድጋፍ፤ ጎንደር ላይ ሲፈተሽ

ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ለታይፎይድና ለጨጓራ እንደሚሠራ ጎንደር ውስጥ የማያውቅ የለም። እዚህ የምናየው ሌላ ነው፤ በየወሩ ክኒን ለሚወስድ የአእምሮ ታማሚ፣ የሚጥል በሽታ ላለበት፣ እግሩ ለተቆረጠ ሰው፣ እግሩ ቆልማማ ሆኖ ለተወለደ ሕፃን ደብተሩ እስከ የት ያደርሳል? በአጭሩ፦ ለአእምሮ ሕክምናና ለሚጥል በሽታ ከተከፈለበት በላይ ያወጣል። ለሰው ሠራሽ እግር፣ ለብሬስ (አካልን አቅንቶ ለሚይዝ ድጋፍ) እና ለዊልቸር ግን ግማሽ መንገድ ላይ ያወርዳል።

መድኑ በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች በ13 ወረዳዎች ሲሞከር፣ ከአማራ ክልል ከተመረጡት ሦስት ወረዳዎች አንዷ ወደ ባሕር ዳር ስንወርድ የምናልፋት ፎገራ ነበረች። የታሰበው ለአርሶ አደሩና ደመወዝ ለሌለው ከተሜ ነው። መዋጮው በዓመት አንዴ፣ በቤተሰብ ደረጃ ይከፈላል፤ የድሃ ድሃ ተብሎ በቀበሌ ለተለየ ቤተሰብ መንግሥት ይከፍልለታል። የመጀመሪያው ጉድለት እዚሁ ምዝገባው ላይ አለ። ደብተሩ አባት፣ እናትና ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆችን ይይዛል፤ ከ18 ያለፈ ልጅ እንደ ተጨማሪ አባል ሆኖ ተጨማሪ ይከፈልለታል። ከባድ የአእምሮ ሕመም ደግሞ ብዙ ጊዜ ብቅ የሚለው በአሥራዎቹ መጨረሻና በሃያዎቹ መጀመሪያ ነው። ልጁ ከቤተሰቡ ስም ዝርዝር በሚወጣበት ዓመት ይታመማል ማለት ነው። ወላጆች ይህን የሚያውቁት ካርድ ክፍል መስኮት ላይ ቆመው ነው። ስለዚህ እድሳት ሲጀመር፣ ማለትም መኸር ገብቶ ሰው እጅ ላይ ገንዘብ ሲኖር፣ የታመመው ልጅ ስሙና ፎቶው መግባቱን በዓይን ማየት ያስፈልጋል። የእድሳቱ ጊዜ ካለፈ እስከሚቀጥለው ዙር በኪስ መታከም ነው።

መንገዱ የታወቀ ነው፤ መጀመሪያ ውል ያለው ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ ሪፈር፣ ከዚያ ሆስፒታል። አዘዞም ማራኪም የሚኖር ሰው ቀጥታ ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ አጠቃላይ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ቢሄድ ይታከማል፤ ግን ያለ ሪፈር ከወጪው ከፊሉን ከኪሱ ይከፍላል። በ2005 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂ አንዱ ዓላማ የአእምሮ ሕክምናን ከአማኑኤል ሆስፒታልና ከጥቂት ትልልቅ ሆስፒታሎች አውርዶ ጤና ጣቢያ ማስገባት ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ኤምኤችጋፕ የሚባለው መመሪያም የሚያሠለጥነው ይህንኑ ነው፤ ነርሱ ወይም ጤና መኮንኑ ድብርትን፣ ሳይኮሲስን (ከእውነታ የሚነጥል ከባድ የአእምሮ ሕመም)፣ የሚጥል በሽታን ለይቶ እዚያው እንዲጀምር። ሥልጠናው አጭር ነው፤ በጎ ነገር ነው። ደካማ ጎኑ በአንድ ሰው ላይ መንጠልጠሉ ነው። የሠለጠነው ነርስ ሲዛወር ወይም ትምህርት ሲገባ የተተካው ሰው ሁሉንም ሪፈር ይጽፋል፤ ለወር መድኃኒት ብቻ የመጣ ታማሚ ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ይውላል። ጎንደር በዚህ ከሌላው ከተማ ትሻላለች፤ ዩኒቨርሲቲው ከአማኑኤል ጋር ሆኖ በአእምሮ ጤና ሁለተኛ ዲግሪ ሲያስተምር ስለቆየ ባለሙያ አይጠፋም። ባለሙያው ያለው ግን ሆስፒታሉ ዘንድ ነው።

አሁን መድኃኒቱ፤ ደብተሩ የሚመዘነው እዚህ ነው። ተረኛው ሲጠራ ማዘዣ ወረቀቱ ሁለት ዓይነት ሊሆን እንደሚችል ማወቅ ይጠቅማል። ሃሎፔሪዶል፣ ክሎርፕሮማዚን፣ አሚትሪፕቲሊን፣ ፍሉኦክሴቲን፣ ካርባማዜፒን በተራው ማዘዣ ይጻፋሉ። ዳያዜፓምና ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ፊኖባርቢታል ግን ለሳይኮትሮፒክ (አእምሮ ላይ ለሚሠራ፣ ቁጥጥር ላለበት) መድኃኒት በተዘጋጀ ልዩ ማዘዣ ነው የሚሰጡት። በተራ ወረቀት ከተጻፉ ፋርማሲው ይመልሳል፣ ታማሚው ደረጃውን ዳግም ይወጣል። ሐኪሙ ክፍል ሳሉ «ፊኖባርቢታሉ በልዩ ማዘዣው ነው?» ብሎ መጠየቅ አንድ ሰዓት ያተርፋል። ፊኖባርቢታል ደግሞ ቀልድ አያውቅም፤ በድንገት ሲቋረጥ ከበፊቱ የባሰና የማያቆም መጣል ሊያመጣ ይችላል። ደብተር ስላልታደሰ አንድ ሳምንት ይለፍ የሚባልበት መድኃኒት አይደለም።

ጾም ላይ ብዙ ሰው መድኃኒት ያቆማል። ማቆም አያስፈልግም፤ ሰዓት ማዛወር ይበቃል። ፊኖባርቢታል በቀን አንዴ፣ ማታ ሲተኙ የሚወሰድ ስለሆነ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ለሚጾም አያውከውም። ካርባማዜፒን በቀን ሁለት ጊዜ ስለሆነ ሰዓቱን ከባለሙያው ጋር መነጋገር ይፈልጋል። ጠበል ቦታ ለሚከርም የሳይኮሲስ ታማሚ ደግሞ ፍሉፌናዚን ዲካኖኤት የሚባለው መርፌ ጥሩ ነው፤ በዘይት የተበጠበጠ ስለሆነ በየ2 እስከ 4 ሳምንቱ አንዴ ጡንቻ ላይ ይወጋል፣ ከጠበሉም ጋር አይጋጭም። መርፌውም ሃሎፔሪዶሉም ሰውነት ሊያገትሩ፣ እጅ ሊያንቀጠቅጡ፣ አንዳንዴም አንገት ሊያጣምሙ ይችላሉ። ቤተሰብ ይህን አይቶ «መድኃኒቱ ጎዳው» ብሎ ያስቆማል። ለዚህ አርቴን የሚባለው ክኒን አለ፤ ቀጠሮ ሳይጠብቁ መመለስ ነው።

«መድኃኒቱ የለም» የሚለው መልስ ከየት ይመጣል? አብዛኛው ሰው ፋርማሲስቱን ይወቅሳል። ነገሩ የገንዘብ ዑደት ነው። ጤና ተቋሙ ያከመበትን ሂሳብ በየሩብ ዓመቱ ለመድኑ ጽሕፈት ቤት ያቀርባል፤ ኦዲት ይደረጋል፤ ከዚያ ይከፈላል። የታማሚው መለያ ቁጥር፣ ምርመራው ወይም የሐኪሙ ፊርማ የጎደለበት ወረቀት ተቆርጦ ይቀራል። ያ ገንዘብ ሲዘገይ ተቋሙ ከመድኃኒት አቅራቢ አገልግሎቱ የሚገዛበት ይጠፋዋል። ጤና ጣቢያ ደግሞ የሚያዝዘው በየሁለት ወሩ በሚሞላ የሪፖርትና መጠየቂያ ቅጽ ነው። ገንዘብ ሲያንስ ከቅጹ የሚሰረዘው ፈላጊው ብዙ የሆነው አሞክሳሲሊን አይደለም፤ ሠላሳ ሰው ብቻ የሚወስደው ፍሉፌናዚን ነው። መንገድ ሲዘጋማ በሁሉም ላይ ይብሳል። የጤና ጣቢያ ኃላፊዎች የሆናችሁ አንድ ነገር ማድረግ ትችላላችሁ፤ የአእምሮና የሚጥል በሽታ ታማሚዎችን በስም መዝግባችሁ የወር ፍጆታውን ከመዝገቡ አስሉት። ፍጆታ ካለፈው ሁለት ወር ወጪ ብቻ ሲሰላ፣ መድኃኒቱ ያልነበረበት ወር እንደ «አልተፈለገም» ይቆጠራል፣ የሚቀጥለው ትእዛዝም ያንሳል፣ መደርደሪያውም እየሳሳ ይሄዳል።

ታማሚው በበኩሉ መድኃኒት ከሌለ ማዘዣው ላይ «የለም» የሚል ማኅተም ሳያስመታ ከግቢው መውጣት የለበትም። መድኑ ውል ያለው መድኃኒት ቤት ካለ ወይም ገንዘብ የሚመልስ ከሆነ፣ ያለዚያ ማኅተምና ያለ ሕጋዊ ደረሰኝ ጥያቄው አይስተናገድም። ማዘዣ ደግሞ የሚያገለግለው ለ15 ቀን ነው።

ወደ አካል ድጋፉ እንሂድ። እዚህ ደብተሩ የሚሠራው ለምርመራው፣ ለራጁ፣ ለቀዶ ሕክምናውና ለመድኃኒቱ ነው። ዊልቸር በደብተር አይገኝም፤ መነጽርና ሰው ሠራሽ ጥርስም ከጥቅሉ ውጭ ናቸው። ቆልማማ እግር የያዘው ሕፃን ላይ ይህ ክፍተት ፍጥጥ ብሎ ይታያል። ሕክምናው ፖንሴቲ ይባላል። በየሳምንቱ ጀሶ ይቀየራል፣ ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 7 ጀሶ፤ ከዚያ አብዛኞቹ ላይ የተረከዝ ጅማት በትንሽ መርፌ ማደንዘዣ ይቆረጣል፤ እግሩ ተቃና። እዚህ ያበቃ የሚመስለው ብዙ ነው። ሥራው ገና ነው፤ ሁለቱን ጫማ በብረት ያያያዘው ብሬስ ለመጀመሪያዎቹ 3 ወራት በቀን 23 ሰዓት፣ ከዚያ እስከ 4 ወይም 5 ዓመት ዕድሜው ማታ ማታ ሲተኛ መደረግ አለበት። እግሩ ተመልሶ የሚቆለመመው አብዛኛውን ጊዜ ብሬሱ ስለተተወ ነው። ልጁ ሲያድግ ጫማው ይጠባል፣ ተረከዙ ይላጣል፣ እናት ታወልቀዋለች። ቁጥሩ የሚቀየር ጫማ በወቅቱ ካልተገኘ የጀሶውና የቀዶው ወጪ ሁሉ መና ቀረ፤ መድኑ የከፈለውም አብሮ።

ሰው ሠራሽ እግር የሚሠራው በተሐድሶ ማዕከል ነው፤ አካሉ ዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ኮሚቴ ካስፋፋው ፖሊፕሮፒሊን ከሚባል ፕላስቲክ ይሠራል። የተቆረጠው ጫፍ ቁስሉ ሳይድንና እብጠቱ ሳይወርድ ልኬት መውሰድ ገንዘብ መጣል ነው። ጫፉ በፋሻ በትክክል ታስሮ ካልከሰመ፣ ዛሬ ልክ የሆነው ሶኬት (ጫፉ የሚገባበት ማቀፊያ) ከወር በኋላ ይሰፋል። ሰው ካልሲ ደራርቦ ይሞላዋል፣ ከዚያ ይቆስላል፣ ከዚያ እግሩ ከአልጋ ሥር ይገባል። የጎማ መዳፉ ይበላል፤ ጎንደር ቁልቁለትና ኮብልስቶን ስለሆነች ቶሎ ይበላል።

ዊልቸርም እንደዚያው። በዕርዳታ የሚመጣው የሆስፒታል ዊልቸር፣ ፊቱ ላይ ትንንሽ ጠንካራ ጎማ ያለው፣ ለጠፍጣፋ ወለል ነው የተሠራው፤ ኮብልስቶኑ መሐል ጎማው ይሰነቀርና ሰውየውን ወደፊት ይደፋዋል። ምርጫ ካለ ፊቱ ላይ አንድ ትልቅ ጎማ ያለው ባለ ሦስት እግር ይሻላል፤ የኋላው ጎማ የብስክሌት ልክ ከሆነ ማንኛውም ብስክሌት ሠሪ ይጠግነዋል። ኩሽኔታው ካለቀ ሠፈር ውስጥ የሚገኝ ልክ መሆኑን ቀድሞ ማየት ነው። ትራስ የሌለው ዊልቸር አከርካሪው ለተጎዳ ሰው ስጦታ አይደለም፤ የመቀመጫ ቁስል ነው።

በሕግ በኩል የተሻለው ለውጥ የመጣው ከጤና ሳይሆን ከማኅበራት ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 621 ከውጭ ከ10 በመቶ በላይ ገንዘብ የሚያገኝ ድርጅት በአካል ጉዳተኞች መብት ላይ እንዳይሠራ ከልክሎ ነበር። 70 በ30 የሚባለው (ቢያንስ 70 በመቶ ለዓላማው፣ ቢበዛ 30 በመቶ ለአስተዳደር) ደንቡም የመስክ መኪናንና ሌሎች ብዙ የመስክ ወጪዎችን እንደ አስተዳደር ወጪ ስለቆጠረ፣ ዕቃ ማደል ይቻላል፣ ባለሙያ አሰማርቶ መከታተል ግን ያስቸግር ነበር። ዊልቸር በብዛት ታድሎ የሚያስተካክለው ሰው የጠፋው በከፊል ለዚህ ሊሆን ይችላል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1113 የመብቱን ክልከላ አነሣ፣ የአስተዳደር ወጪን 20 በመቶ ላይ ገደበ፤ የፕሮጀክት ባለሙያ ወጪ ግን ከዚያ ውጭ ሆነ። ማኅበራት በጀት ሲነድፉ አሁንም በድሮው ልማድ የቴራፒስቱን ደመወዝ አስተዳደር ውስጥ ይከታሉ። አያስፈልግም።

ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ የአካል ጉዳት ጉዳይ በፌዴራል ደረጃ ያለው ሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር ዘንድ ነው፤ ሥራና ቅጥሩ ወደ ሥራና ክህሎት ሄዷል። ስለዚህ የድጋፍ ደብዳቤ የሚጠየቀው ከክፍለ ከተማው ማኅበራዊ ጉዳይ ነው፤ የሐኪም ማስረጃው ከጤና በኩል ይቀድማል። ቢሮው ፎቅ ላይ ከሆነና መወጣጫ ከሌለው፣ በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ለሕዝብ አገልግሎት የሚውል ሕንፃ በዊልቸር የሚገባበት እንዲኖረው ማዘዙን ማስታወስ ይቻላል። መወጣጫው ግን ደረጃው ላይ የተለጠፈ ሲሚንቶ አይደለም፤ ባለ 15 ሳንቲም ሦስት ደረጃ 45 ሳንቲም ከፍታ ነው፣ አንድ ለአሥራ ሁለት በሚለው ልክ (ለአንድ ከፍታ አሥራ ሁለት ርዝመት) 5 ሜትር ከ40 ርዝመት ይፈልጋል።