የካምፓስ ዋይፋይ ሲገዛ፦ 2.4፣ 5 ወይስ 6 ጊጋኸርዝ?

ለኮሌጅ ዋይፋይ ሊገዛ የወጣ ሰው ሻጩን መጀመሪያ የሚጠይቀው "ስንት ሜትር ይደርሳል?" ብሎ ነው። ለመኖሪያ ቤት ጥሩ ጥያቄ ነው። ለካምፓስ ግን አይሆንም። ካምፓስ ውስጥ ሲግናል መድረሱ ብዙም አያስቸግርም። ችግሩ የደረሰውን ሲግናል ሁለት መቶ ተማሪ በአንድ ጊዜ ሲሻማው ነው። ስልኩ ላይ ሲግናሉ ሙሉ ነው፣ ገጹ ግን አይከፈትም።

ስለዚህ ሦስቱን ባንዶች፣ ማለትም ዋይፋይ የሚሠራባቸውን የሞገድ ክልሎች፣ የማወዳድረው ስንት ሰው በአንዴ ያስተናግዳሉ በሚለው ነው። ፍርዴን ከወዲሁ ልናገር። ገንዘባችሁን 5 ጊጋኸርዝ ላይ አውሉ። 2.4ን ቀነስ አድርጋችሁ ያዙ። 6ን ደግሞ ተማሪው ምን ስልክ እንደያዘ ሳታዩ አትግዙ።

2.4 ጊጋኸርዝ፦ ሩቅ ይሄዳል፣ ግን ጠባብ ነው

ግድግዳ ያልፋል፣ ራቅ ይላል፣ ርካሹም ስልክ ይይዘዋል። ጣጣው ጥበቱ ነው። ባንዱ ከጫፍ እስከ ጫፍ 83.5 ሜጋኸርዝ ብቻ ነው። 13 ቻናል (የባንዱ ክፋይ መስመር) አለው ቢባልም፣ ሳይነካኩ ጎን ለጎን እንዲሠሩ የሚመረጡት 1፣ 6 እና 11 ናቸው። ሦስት ብቻ። ዶርም ውስጥ አራተኛውን አክሰስ ፖይንት (ዋይፋዩን የሚያሰራጨውን ዕቃ) ስትሰቅሉ ከሦስቱ አንዱን መድገም ግድ ይሆናል። በአንድ ቻናል ላይ ያሉ ሁለት አክሰስ ፖይንቶች አንዱ የሌላውን ሲግናል የሚሰማ ከሆነ ደግሞ ተራ ይጠባበቃሉ እንጂ አቅም አይጨምሩም። "ሩቅ ይደርሳል" ተብሎ የተገዛው ዕቃ የራሱን ጎረቤት የሚረብሸው እንዲህ ነው።

በቁጥር እንየው። ዋይፋይ 4 የሚባለውን የቆየ ደረጃ የያዘ ባለ ሁለት አንቴና ስልክ በ20 ሜጋኸርዝ ቻናል ላይ በወረቀት 144 ሜጋቢት በሰከንድ ያገኛል። በተግባር ግማሹ ቢገኝ ጥሩ ነው። 60 ተማሪ ሲካፈለው ለአንዱ የሚደርሰው አንድ ሜጋቢት ገደማ ነው። ያውም ሁሉም አክሰስ ፖይንቱ አጠገብ ቢቀመጡ። ብሉቱዝ፣ የመምህራን ክበብ ማይክሮዌቭና ተማሪዎች ከስልካቸው የሚከፍቱት ሆትስፖት እዚሁ ባንድ ላይ ይጨመራሉ።

ይሁንና ጨርሳችሁ አጥፉት አልልም። ፕሪንተር፣ አንዳንድ ካሜራ፣ የሰዓት መቆጣጠሪያ የጣት አሻራ ማሽን ብዙ ጊዜ ከ2.4 ሌላ አያውቁም። ተማሪ ለሚቀመጥበት ሣርና ለስፖርት ሜዳም ይሻላል። እኔ የምመክረው ሕንፃ ውስጥ ከሦስት አክሰስ ፖይንት በአንዱ ላይ ብቻ ማብራት፣ እንደ 1 እና 2 ሜጋቢት ያሉትን የጥንት ፍጥነቶችም መዝጋት ነው። ለዚህ ዕቃው የእያንዳንዱን ባንድ ራዲዮ ለብቻ ማጥፋት መቻል አለበት። ስፔሲፊኬሽኑ ላይ ይጻፍ።

5 ጊጋኸርዝ፦ ሥራውን የሚሠራው

እዚህ ቦታው ሰፊ ነው። ከ36 እስከ 48 አራት ቻናል፣ ከ52 እስከ 64 አራት፣ ከ100 ጀምሮ በርካታ፣ ከ149 እስከ 165 አምስት። የትኛው እንደሚፈቀድ ከአገር አገር ስለሚለያይ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን ከጨረታው በፊት በጽሑፍ ጠይቁ፤ ሻጩ "ችግር የለውም" ስላለ ብቻ አትለፉት።

ከ52 እስከ 64 ያሉትና ከ100 ጀምሮ ያሉት ቻናሎች ከራዳር ጋር የሚጋሩ ናቸው። ዲኤፍኤስ የሚባለው ሕግ የሚመጣው በዚህ ነው። አክሰስ ፖይንቱ ቻናሉን ከመያዙ በፊት ቢያንስ አንድ ደቂቃ ያዳምጣል። ራዳር ከሰማ ለቅቆ ይወጣል፣ ለ30 ደቂቃም አይመለስም። ካምፓሳችሁ ኤርፖርት ወይም የአየር ጠባይ ራዳር አጠገብ ከሆነ ይህ በቀን ብዙ ጊዜ ሊከሰት ይችላል። ካልሆነ ግን ዲኤፍኤስን ፈርቶ መተው ባንዱን ገሚስ መጣል ነው።

ሌላው ወጥመድ የቻናል ስፋት ነው። ብሮሹር ላይ የሚታየው ትልቅ ፍጥነት የ80 ወይም የ160 ሜጋኸርዝ ነው። ራዳር በማይመለከተው ክፍል ውስጥ ግን 80 የሚሆን ቦታ ሁለት ብቻ ነው። ወደ 2.4 ችግር ተመለሳችሁ ማለት ነው። ሌክቸር ሆልና ዶርም ላይ 20 ሜጋኸርዝ ተጠቀሙ። ሰው ሳሳ ባለበት ቢሮ 40 ይበቃል።

የ5 ድክመት ግድግዳ ነው። ብሎኬትና ኮንክሪት ቶሎ ያደክመዋል፣ ባለ ሁለት ደረጃ የብረት አልጋ የሞላበት ዶርም ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ አክሰስ ፖይንቱ ኮሪደር ላይ ሳይሆን ክፍል ውስጥ ይሰቀል። ኮሪደር ላይ የተደረደሩት እርስ በርስ በደንብ ይሰማማሉ፣ ተማሪውን ግን በበር ስንጥቅ ነው የሚያዩት። ይህ ብዙ ዕቃና ብዙ ኬብል ይጠይቃል፣ ወጪውም ይጨምራል። ከባንዶቹ ሁሉ ዋጋውን የሚመልሰው ወጪ ግን ይህ ይመስለኛል።

6 ጊጋኸርዝ፦ ለማን?

አሜሪካ በ2020 ከ5925 እስከ 7125 ያለውን 1200 ሜጋኸርዝ ለዋይፋይ ከፈተች። አውሮፓ በ2021 ታችኛውን 480 ብቻ ፈቀደች። በ2023 ዱባይ ላይ የተደረገው የዓለም ራዲዮ ጉባኤ ደግሞ ከ6425 በላይ ያለውን፣ ኢትዮጵያ ባለችበት ቀጠና፣ ለሞባይል ኔትወርክም ለይቶታል። በአሜሪካ መመዘኛ የተጻፈ ብሮሹር ይዞ የሚመጣ ሻጭ ካለ ይህን አስታውሱት።

ባንዱ ንጹሕ ነው፣ አሮጌ ዕቃ አይገባበትም። ችግሩም ያው ነው፤ የተማሪው ስልክም አይገባበትም። ከአይፎን በኩል የጀመረው በ2023 በወጣው 15 ፕሮ ነው። ላፕቶፕም ካርዱ ቢኖረው እንኳ ዊንዶውስ 10 ላይ አይሠራም፣ 11 ይፈልጋል። በዚያ ላይ ሦስት ራዲዮ ያለው አክሰስ ፖይንት ኃይል ይበላል። በአንድ ፖርት 15.4 ዋት ብቻ የሚሰጥ የቆየ ፒኦኢ ስዊች (በኔትወርክ ኬብሉ ኤሌክትሪክ የሚልክ) ካላችሁ ዕቃው ራዲዮ አጥፍቶ ወይም አቅሙን ቀንሶ ሊሠራ ይችላል። የስዊቹ ዋጋ ፕሮፎርማው ላይ አይታይም።

ለመወሰን ቀላሉ መንገድ ያለው ኔትወርክ ነው። ኮንትሮለሩ (አክሰስ ፖይንቶቹን የሚያስተዳድረው) ላይ የአንድ ሳምንት የተጠቃሚ ዝርዝር አውጡና ስንቱ 5፣ ስንቱ 6 እንደሚይዝ ቁጠሩ። 6 የሚይዘው በጣት የሚቆጠር ከሆነ በዚያው ገንዘብ 5 ጊጋኸርዝ ጨምሩ። ለምርምር ላብራቶሪ ወይም አዲስ ላፕቶፕ ለሚታደልበት ክፍል ግን አሁንም መግዛት ይቻላል።

ሕንፃን ከሕንፃ ለማገናኘት

5.8 ጊጋኸርዝ ላይ የሚሠራ ሊንክ (ሁለት ሕንፃዎችን በአየር የሚያገናኝ) ርካሽ ነው፣ ግን ከ149 በላይ ያሉትን የራሳችሁን ቻናሎች ይበላል። ስለዚህ ለሊንኩ የተሰጠውን ቻናል ከአክሰስ ፖይንቶቹ ላይ አንሱ። 60 ጊጋኸርዝ ይህ ችግር የለበትም፣ ፍጥነቱም ትልቅ ነው፤ ነገር ግን ኦክስጅን ራሱ በኪሎሜትር 15 ዴሲቤል ገደማ ስለሚበላውና የክረምት ዝናብም ስለሚያደክመው ለጥቂት መቶ ሜትር ያዙት። ሁለቱም መንገዳቸው ክፍት መሆን አለበት። ዛሬ ከአንቴናው በታች ያለ ባሕር ዛፍ በሁለት ዓመት ውስጥ መሃል ላይ ሊቆም ይችላል። ግቢው ውስጥ ለውኃ ወይም ለመብራት ቦይ የሚቆፈር ከሆነ ግን ሊንኩን ትታችሁ ፋይበሩን አብራችሁ ቅበሩ።